ወደ ግራፉ የዞረው ገበሬ

ወርቅውሃ ግንቡ ላይ የገበሬውን ግራ ቅንድብ እየሣለች ሳለ ከታች አንድ ሰው የቆመችበትን ርብራብ ይዞ ነቀነቀው።

«እትዬ ወርቅውሃ፣ ሰውዬው ለምንድን ነው እኛን የሚያየን?»

ናትናኤል ነበር፤ ፕሮጀክቱ ከአዲስ አበባ የላከው የኢኮኖሚ ባለሙያ። ጫማው ነጭ ነው። በሐምሌ ጭቃ ነጭ ጫማ አድርጎ ስለ ዝናብ ሊያስተምረን መጣ ብላ ወርቅውሃ ለመናኸሪያው ሁሉ አውርታበታለች።

«ታዲያ ማንን ይይ?» አለች ሳትዞር።

«ግራፉን።»

ግራፉ ከገበሬው ጎን ሽቅብ የሚወጣ ቀይ መስመር ነው። በ2011 ክረምት፣ በአምቦ መናኸሪያ የግንብ አጥር ላይ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ግንዛቤ የሚያስጨብጥ ሥዕል ይሣል ተባለ። በስብሰባው አንዱ ዛፍ ይኑርበት አለ፣ ሌላው ገንዘብ ይኑርበት አለ። ስለዚህ በአንድ ጫፍ የተራቆተ ኮረብታ፣ መሃል ላይ የጽድ ችግኝ የያዘ ገበሬ፣ በሌላው ጫፍ ገቢው ሲያድግ የሚያሳይ መስመር ሆነ። ሥዕልና ኢኮኖሚ እየተነጋገሩ ነው ይላል ናትናኤል። ወርቅውሃ እስካሁን የሰማችው አንደኛው ሲያወራ ብቻ ነው።

አርባን አልፋለች። አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበሩ። ቀለም መበጥበጡን እሷን አስተማሯት፤ ግድግዳውን ለወንድሟ አወረሱት። ወንድሟ የጭነት መኪና ሹፌር ሆነ። እሷ የፀጉር ቤት ጭንቅላት፣ የሥጋ ቤት በሬ፣ የጥርስ ሐኪም መንጋጋ ስትሥል ኖረች። የሣለችው በሬ ከሚሸጠው ሥጋ ይሻላል ይባል ነበር፤ ሥጋውን ለቀመሰ ሰው ይህ ትልቅ ምስጋና አይደለም።

ዘንድሮ ግን ከከተማው ዳር አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ሰዓሊ ይፈለጋል። ሰዓሊውን የሚመርጡት የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ኦቦ ሌንጂሳ «የመናኸሪያውን ጨርሺ፣ እሱን አይቼ እወስናለሁ» ብለዋታል። ዕድሜዋን ሙሉ ከበሬ ወደ መልአክ መሻገር ስትመኝ የኖረች ሴት ለዚህ ቃል ምን እንደምታደርግ መገመት ቀላል ነው። ለገበሬው የኦቦ ሌንጂሳን ፊት ሰጠችው፤ ግንባራቸውን፣ የተከፈለ አገጫቸውን፣ ባርኔጣቸውን ሳይቀር። ኦቦ ሌንጂሳ የባሕር ዛፍ አጣና ነጋዴ ናቸው። ጽድ በእጃቸው የያዙት ሲቆርጡት ብቻ ነው። እሷም ታውቃለች፤ ግን ቀለሙ የፕሮጀክቱ ነው፣ ውሸቱም እንደዚሁ። ሰውዬው ትናንት መጥተው አዩና «ግንቡ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ» እያሉ ገበያውን ዞሩት።

«በጎን ያድርጉት» አለ ናትናኤል። «ተመልካቹ የሱን ዓይን ተከትሎ ግራፉ ጋ ይደርሳል። ሰው ዛፍ የሚተክለው ጥቅሙን ሲያይ ነው።»

«በጎን ከሣልኩት አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚኖረው።»

«እና?»

«አንድ ዓይን የሚሣለው ለሰይጣን ነው ዶክተር። ለሰይጣን፣ ለይሁዳ፣ ለሄሮድስ ወታደር። ጻድቅ ፊት ለፊት ነው የሚያይህ። ይሄን የአምቦ ሽንኩርት ሻጭ ሁሉ ያውቀዋል።»

«ዶክተር አይደለሁም እኮ ገና።»

«አይዞህ፣ ባታውቅም ይሰጡሃል።»

ሳቀ። ስድብ መሆኑ አልገባውም። «ይሄ ቤተ ክርስቲያን አይደለም እትዬ፣ መናኸሪያ ነው። ነገ ጠዋት የፕሮጀክቱ እንግዶች ይመጣሉ። ካልዞረ ባነር አሠርተን እንሸፍነዋለን።»

ከተሸፈነ ኦቦ ሌንጂሳ የሚያዩት ሥራ የለም። ፊቱን ወደ ሌላ ሰው እንዳትለውጠው ገበያው ሁሉ የማን እንደሆነ ሰምቷል። ርብራቡ ላይ ቁጭ ብላ አሰበች፤ ሰውዬውን ስለናቀቻቸው ግን ብዙ አላሰበችም። ኦቦ ሌንጂሳ ቅዳሴ ቆመው የጣሪያውን እንጨት እንጂ የግድግዳውን ሥዕል የሚያዩ ሰው አይደሉም። ባርኔጣቸውን ካገኙ ይበቃቸዋል። ገበሬውን አዞረችው።

በማግስቱ ኦቦ ሌንጂሳ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ከነኮሚቴያቸው መጡ።

«አከም ቡልተን፣ ኦቦ ሌንጂሳ» አለች ወርቅውሃ የማለዳ ሰላምታ ስታቀርብ ከወገቧ ዝቅ ብላ።

መልስ ሳይሰጡ ሽንኩርት ሻጯ ጂቱ ቀደመቻቸው። «ያ ዋቃ! አዴ ወርቅውሃ፣ ለይሁዳ የኦቦ ሌንጂሳን ባርኔጣ ደፋሽለት እንዴ?»

«ያየ ይመስክር፣ ዓይኑ ከብሩ ላይ አልተነሣም!» አለ አንድ የአውቶብስ ረዳት ወደ ግራፉ እየጠቆመ።

«ጽዱንስ ሊተክለው ነው ወይስ ሊሸጠው?»

መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። የጊንጪ ተሳፋሪዎች ሳይቀሩ ከመስኮት አንገታቸውን አወጡ። ሥዕልና ኢኮኖሚ በመጨረሻ ተነጋግረው ነበር፤ የተነጋገሩት ግን ስለ ኦቦ ሌንጂሳ ነው። እንግዶቹን ሲጠብቅ የነበረው ናትናኤል ሕዝቡ ሲጠቋቆምና ሲጯጯህ አይቶ ደስ አለውና በስልኩ ፎቶ አነሣ። ለአለቆቹ «ኅብረተሰቡ ሞቅ ያለ ውይይት አድርጓል» ብሎ ላከ።

ኦቦ ሌንጂሳ ግንቡ ሥር ቆመው ቀና አሉ። ጣሪያ የለም፣ እንጨት የለም፤ የሚያዩት ሥዕሉን ብቻ ነው።

«ወርቅውሃ» አሉ ቀስ ብለው። «ከትናንት ወዲያ ሁለት ነበር። አንዱን ዓይኔን ምን አደረግሽው?»

«እሱን ይጠይቁት» አለች ናትናኤልን እያሳየች። «እሱ ነው አዙሪው ያለኝ።»

«ብሩሹን የያዘው እሱ ነበር?»

ወርቅውሃ ቀለም የነካውን እጇን ከጀርባዋ ደበቀች። ኦቦ ሌንጂሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው በብብታቸው ሸጎጡና ኮሚቴውን አስከትለው ሄዱ።

የአዲሱን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ከደብረ ማርቆስ የመጣ ሰው ሣለው። ወርቅውሃ በቀጣዩ ዓመት ጊንጪ ገባች፤ እዚያ የባጃጅ ጀርባ ላይ ጥቅስ ትጽፋለች።