የዜና አንባቢው ሐሙስ

ጋሽ ደወልን በመልክ የሚያውቃቸው ጥቂት ነበር፤ ድምፃቸውን የማያውቅ ግን አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሬዲዮ ዜና ሲያነቡ ኖረዋል። «ደወል» የሚለውን ቅጽል ያወጡላቸውም የጣቢያው ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ እሳቸው አፋቸውን ሲከፍቱ የስቱዲዮው መስታወት ይነዝራል እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ሱቅ ገብተው ሳሙና ሲጠይቁ ባለሱቁ ሳሙናውን ትቶ ፊታቸውን ያያል። «እንዴ! እርስዎ ነዎት እንዴ?» ይላል፤ ወሬው ይቀጥላል፣ ሌላው ገዢ ይቀላቀላል፣ እሳቸውም ለአንድ ሳሙና ወጥተው እኩለ ቀን ይሆንባቸዋል።

ኋላ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ ነፍሳቸውን አተረፉ፤ ድምፃቸውን ግን ማትረፍ አልቻሉም። ከቀዶ ሕክምናው ሲነቁ ነርሷን ውሃ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም። ከዚያ ወዲያ የሚተነፍሱት አንገታቸው ላይ በተከፈተች ቀዳዳ ሆነ። ቀዳዳዋን በስስ ሻርፕ ይሸፍኗታል።

ያኔ ነው ብቸኝነት ምን እንደሆነ የገባቸው። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ይሁንና እስከዚያ ቀን ድረስ ከተማው ሁሉ ዘመዳቸው ነበር። አሁን ሱቅ ገብተው በጣታቸው ሲጠቁሙ፣ ያው ባለሱቅ የተጠቆመውን አውርዶ መልሱን ይሰጣቸውና ወደ ሌላው ገዢ ይዞራል። ለካ ሰው የሚያውቀው እሳቸውን ሳይሆን ድምፃቸውን ኖሯል። ባልደረቦቻቸው መጀመሪያ ሰሞን እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር። ነገር ግን አንዱ እያወራ ሌላው ወረቀት ላይ እየጻፈ ጨዋታ አይሞቅም። ጽሑፉ እስኪያልቅ እንግዳው ጣሪያ ያያል፣ ሰዓቱን ያያል፤ በመጨረሻ «በሉ እንግዲህ፣ እግዜር ይማርዎት» ብሎ ይነሳል። ቀስ በቀስ የጠያቂዎቹ እግር አጠረ።

ሳትሰለች የምትመጣው የእህታቸው ልጅ ብቻ ነበረች። የቋንቋ መምህርት ናት። አንድ ቀን ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣

«አጎቴ፣ ዛሬ ላስቸግርህ ነው የመጣሁት» አለች።

ጋሽ ደወል በቅንድባቸው «ምን?» አሏት።

«ትምህርት ቤታችን አዲስ ነገር ጀምሯል። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ተማሪዎቹ ኮምፒውተር ክፍል ይገቡና ከውጭ ካለ ባለሙያ ጋር በኢንተርኔት ይወያያሉ። አንድ ሰሞን ነርስ ነበረች፤ ቀጥሎ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ። የሚመጣው ወር የአንተ ይሁን።»

ብዕራቸውን አንስተው ጻፉ፦ «ዲዳ ዜና አንባቢ ምን ብሎ ያስተምራል?»

«ውይይቱ በጽሑፍ ነው። እነሱ ይጽፋሉ፣ አንተ እዚያው ትመልሳለህ። ጣትህ ዲዳ አይደለም።»

ወረቀቱን ገለበጡ። ከዚያ «እሺ፤ ስለ ድምፄ ግን እንዳትነግሪያቸው» ብለው ጻፉላት።

ሐሙስ ደረሰ። ጋሽ ደወል ተላጩ፣ ኮታቸውን ለበሱ፣ ከረባታቸውን አሰሩ። ማንም እንደማያያቸው ያውቃሉ፤ በሬዲዮ ዘመናቸውም የሚያያቸው አልነበረም፣ ያለ ከረባት ግን አንብበው አያውቁም። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ሰላምታው እንደ ዝናብ ይወርድ ጀመር። «ጋሼ እንደምን ዋሉ!» «ጋሼ፣ ዜና እያነበቡ ቢያስነጥስዎትስ?» «የሰው ስም ቢጠፋብዎት ምን ያደርጋሉ?» «ደሞዙ ጥሩ ነው?»

እሳቸው በአንድ ጣት፣ እንደምትለቅም ዶሮ፣ ፊደል በፊደል ይመልሳሉ። አንዱን መልሰው ሳይጨርሱ አምስት ይደርሳል። «አንድ ቀን የትልቅ ሰው ዜና ዕረፍት እያነበብኩ ሳቅ ያዘኝ» ብለው ጻፉ። «የቴክኒክ ሠራተኛው ወንበሩ ተሰብሮ ከነወንበሩ ሲወድቅ በመስታወቱ አየሁት። ጭኔን ቆንጥጬ ቆንጥጬ ጨረስኩት። በማግስቱ ሰው ሁሉ እንዴት ከልብ አዝነው አነበቡ ብሎ አመሰገነኝ።» ስክሪኑ በሳቅ ምልክት ተጥለቀለቀ። ጋሽ ደወልም ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ፤ ክፍሉ ውስጥ ግን የወንበሩ ሲጥ ሲጥ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ሳምንቱ ዓመት ሆነባቸው። ሐሙስን እንደ ደመወዝ ቀን ይጠብቁት ጀመር። በሁለተኛው ሐሙስ ግን ጨዋታው ሞቅ እንዳለ አንዱ ተማሪ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

«ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ ዜና በድምፅ ቀድተው ይላኩልን። እናቴ እንደ እርስዎ ድምፅ የለም ትላለች።»

ሌሎቹም ተከተሉ። «አዎ!» «እባክዎ ጋሼ!» «አንድ መስመር ብቻ!»

ጋሽ ደወል እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አነሱ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ጥርቅም አድርገው ዘጉት። ትንሽ ቆይቶ የእህታቸው ልጅ በስልክ መልእክት ላከች። «ምነው ጠፋህ?» «መስመር ተቋረጠ» ብለው መለሱላት። እሷ ግን የዋዛ አይደለችም። «ልጆቹ ያሉትን አይቻለሁ አጎቴ። እኔ ልንገራቸው?» ስትል ደግማ ጻፈች።

ለዚያ መልእክት እስከ ማግስቱ አልመለሱም። ከረባታቸውን እንኳ ሳይፈቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አመሹ። ሆድ ባሳቸው። እነዚህ ልጆች በሕይወታቸው ድምፃቸውን ሰምተው አያውቁም፤ ድምፃቸውን ሳይሰሙ የወደዷቸው እነሱ ብቻ ናቸው። ታዲያ አሁን እነሱም ሊያዝኑላቸው ነው? የሐዘኔታ ፊት አይተው ጠግበዋል። ሲነጋ ግን መልሱን ጻፉ፦ «የራሴን ዜና ራሴ አነባለሁ።»

በሦስተኛው ሐሙስ ልጆቹ ሰላምታ ሳይጀምሩ ጋሽ ደወል ቀድመው ጻፉ። በልማዳቸው አጭርና ቀጥ ያለ ዜና ነበር፦ ታመምኩ፣ ጉሮሮዬን ቀዶ ሕክምና ተደረግኩ፣ ድምፄ አሁን የለም፣ ባለፈው የተቋረጠው መስመሩ ሳይሆን እኔ ነኝ፣ ይቅርታ።

ስክሪኑ ጸጥ አለ። አንድም ፊደል የለም። ጋሽ ደወል በስቱዲዮ ከዝምታ የከፋ ስህተት የለም ተብለው ነው ያደጉት። ኮምፒውተሩን እንደገና ሊዘጉት ሲሉ አንድ መስመር ብቅ አለ።

«ያማል?»

«አሁን አያምም» ብለው መለሱ።

ቀጥሎ አንዲት ልጅ ጻፈች። «ጋሼ፣ ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ማስታወቂያ የማነበው እኔ ነኝ። እጣደፋለሁ፤ ሁሉም ይስቁብኛል። የእኔን ድምፅ ብልክልዎት ያርሙኛል?»

ላከችው። የጠፋ ቦርሳ፣ የተዘጋ ቤተ መጻሕፍት፣ የኳስ ጨዋታ፤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ እንደሚያባርሯት ሰው አንብባዋለች። ጋሽ ደወል ደጋግመው ሰሙት። በዚያ ቤት የሰው ድምፅ እንዲህ ከተሰማ ስንት ጊዜው ነው! ከዚያ ጻፉላት። «ልጄ፣ ማንም አይቀማሽም፣ ማይክሮፎኑ ያንቺ ነው። ከማንበብሽ በፊት ተንፍሺ። ቦርሳ የጠፋባትን ልጅ አስቢና ለእሷ ብቻ ንገሪያት።» ልጅቷ እያሻሻለች ላከች፣ እሳቸው አረሙ። የወሩ መጨረሻ ሐሙስ በዚሁ አለቀ።

በሚቀጥለው ወር ተራው የእንስሳት ሐኪም ሆነ። የጋሽ ደወል ገጽ «ይህ ውይይት ተዘግቷል» ይላል። የእህታቸው ልጅም ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች፤ ስልክ ላይ ትጽፋለች፣ ግን ሥራ አለ፣ ልጅ አለ። ሐሙስ ከሰዓት ጋሽ ደወል ከረባታቸውን ያስሩና ትንሽ ተቀምጠው ይፈቱታል።

አንድ ጠዋት ሳያስቡት እግራቸው ወደ ትምህርት ቤቱ አመራ። አጥሩ ሥር ቆሙ። ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸና ልጅቷ ማንበብ ጀመረች። አትጣደፍም። መሃል ላይ አንድ አስቂኝ ነገር አጋጥሟት ክትክት ብላ ሳቀችና «ይቅርታ፣ ልድገመው» አለች። በጣቢያው ቢሆን ጋሽ ደወል ይቆጧት ነበር። አሁን ግን ሳቁን ወደዱላት፤ እሳቸው ያላስተማሯት፣ የራሷ ነው።

ዘበኛው መጣ። «አባቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

ጋሽ ደወል ጆሯቸውን፣ ቀጥሎም ድምፅ ማጉያውን አመለከቱ።

«አይሰማዎትም?» አለና ዘበኛው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ ጮኸ። «ማስታወቂያ ነው! ማስታወቂያ! ልጅቷ ጎበዝ ናት!»

ጋሽ ደወል በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማስታወቂያው ሲያልቅ ዘበኛውን በእጃቸው ተሰናብተው፣ ተማሪ በሌለበት መንገድ ቀስ እያሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።