ሰርጌ ላይ የተዘፈነላት ዓይን

ሐይቅ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባም ሲለኝ መርፌውን እሰድባለሁ፤ ደንበኞቼ ለምደውታል። የሚሠራልኝ አንድ ዓይን ነው፤ እሱም ዕድሜው ደርሶ የቅርቡን አላይም ብሏል። መነፅር አድርጌም ሲመሻሽ ግንባሬ ይወጠራል። ደክሞኛል፣ ወላሂ ደክሞኛል።

ግራ ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ወደ አፍንጫዬ ጠጋ ያለች ናት። በኛ አገር ይህ ነውር አይደለም፤ «ሸውረር ማለቷ እኮ ነው ያሳመራት» ይባላል። ሰርጌ ላይ ሴቶቹ ለዓይኔ ግጥም ገጥመው ሲዘፍኑና እልል ሲሉ፣ ታያለች ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን ሁሉም ሰው በአንድ ዓይኑ ብቻ የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

ልጄ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ዓይኗ ሸውረር አለች። አማቴ «ማሻአላህ! የእናቷን ወሰደች!» ብለው ለጎረቤት ሁሉ አሳዩዋት። እኔም ደስ አለኝ፤ ምን አውቄ!

ከጥቂት ዓመታት በኋላ መነፅር ላሠራ ደሴ የሄድኩ ጊዜ ነው የዓይን ሐኪሟ ግራ ዓይኔን አይታ «ይቺ በልጅነትሽ ቢደረስላት ኖሮ ታይ ነበር» ያለችኝ። ቤት እንደገባሁ የልጄን ደህና ዓይን በመዳፌ ከደንኩና ጣቴን አሳየኋት። «እማ፣ እጅሽን አንሺልኝ፣ አይታየኝም» አለች። ክው አልኩ።

በማግስቱ ይዣት ደሴ ወጣሁ። ሐኪሟ መነፅር አዘዘችላት፤ ደህናው ዓይን ደግሞ ከሰዓት ከሰዓት በፕላስተር ይሸፈን አለች። ደህናው ካላረፈ የሰነፈው አይሠራም፤ ካደገች በኋላ ደግሞ አይመለስም።

አማቴ ሲሰሙ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆሙት። «ጤነኛውን አስረሽ በሽተኛውን ታሠሪያለሽ? ይሄ ምን የሚሉት ሕክምና ነው? ዓይኗ ቀጥ ብሎ ውበቷ ቢጠፋስ?» እኔ ፕላስተሩን ለጥፌ ገበያ ስወጣ እሳቸው ይልጡታል። ስመለስ የበሩ መቃን ላይ ተለጥፎ ይጠብቀኛል። ባሌን ብለምነው «እናቴ ናት፣ ታግሰሽ አስረጃት» ብሎ ለሰላት ይወጣል። እኔ ቀን ከመርፌ ጋር፣ ማታ ከአማት ጋር! ልጄ ደግሞ በየቀኑ እያደገች ነው።

አንድ ቀን ወገቤ ተቆራርጦ ስገባ ፕላስተሩ ያው በሩ ላይ ነው። ደሜ ፈላ። ላጥኩና ቀኝ ዓይኔ ላይ ለጥፌ አማቴ ፊት ቁጭ አልኩ።

«እትዬ፣ አሁን የት እንዳሉ የማውቀው በድምፅዎ ነው። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ በዚች ዓይኔ ፊትዎን አይቼው አላውቅም። ልጅዎንና ምሰሶውን አልለያቸውም» አልኳቸው።

እጃቸውን ፊቴ ላይ ሲያወዛውዙ ነፋሱ ተሰማኝ እንጂ እጃቸውን አላየሁም።

«ለልጄ የመረጥኩሽ እኮ ለዚች ዓይንሽ ብዬ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ፕላስተሩን የሚለጥፉት ራሳቸው ናቸው። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ከበሩ ጋር ትጋጫለች፣ «ውልቅ አድርጊልኝ» ትላለች፤ እሳቸው «አብሽሪ፣ አይዞሽ የኔ ዓለም» ይሏታል። ወሩ ሲገባደድ ደሴ እንመላለሳለን። ሐኪሟ «ዘግይታችኋል፣ ግን ሞክሩ» ትላለች እንጂ ሌላ የተስፋ ቃል የላትም። አንዳንድ ቀን መተው ያምረኛል። ለኔ ያልደረሰ ለሷ ይደርሳል ብሎ መልፋትም ይሰለቻል እኮ።

ባለፈው ጁምዓ ሥራ አልነበረኝም፤ በራፉ ላይ ቁጭ ብዬ የልጄን ቀሚስ እጠቅማለሁ። አማቴ ፕላስተሩን ለጠፉላትና ከማዶው መደብ ላይ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ተቀመጡ። ልጄ መሬት ላይ በቁርጥራጭ ጨርቅ ትጫወታለች። ደህናው ዓይኗ እንደተሸፈነ ቀና አለች።

«አያቴ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?»

ዞሬ አማቴን በመነፅሬ አየኋቸው። እውነትም ጉንጫቸው ርሷል። ድምፅ ግን አላሰሙም ነበር።