እንደ ላይኛው

ቀጭ ቀጭ ቀጭ፤ መስመሩ ሲያልቅ ደግሞ ቅጭል! በደርግ ዘመን፣ ከቀሐ ወንዝ በላይ ካለው የቀበሌ ቢሮ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው የጽሕፈት መኪና ድምፅ ነበር። ጸሐፊው ወጣቱ አምሳል ነው። የስም ዝርዝር ሲመጣለት ከመጀመሪያው ስም አንጻር «አድኃሪ» ብሎ ይመታና፣ ለቀሩት ጣቱ እንዳይደክም ሁለት ሁለት ጭረት እያደረገ ይወርዳል፤ እንደ ላይኛው ማለት ነው። አንድ ቀን ስማቸው የሚባል ሸማኔ ጎረቤቱ በዚያ ጭረት ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ተወሰደ፤ አልተመለሰም። ጭረቱን ማን እንዳደረገው ቤተሰቡ አላወቀም።

ዘንድሮ አያ አምሳል ሰባ አንድ ሞልቷቸው፣ በሰፈር ሽማግሌነት እዚያው ቢሮ ተጠሩ። የሸማኔው የስማቸው ልጅ ባንቺአየሁ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በሩ ሥር ቆማለች። ክንዱ የሚባለው ባጃጅ ነጂ ልጇ ከታሰረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሽማግሌ ከፈረመበት ከሰዓት በኋላ በሚነሣው መኪና ወደ ሩቅ ካምፕ ይጫናል።

የቀበሌዋ አስተባባሪ ሸዋረጋ የታሳሪዎቹን ስም የያዘውን ወረቀት ዘረጋች። «እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

አያ አምሳል መነጽራቸውን አስተካከሉ። ከአንደኛው ስም አጠገብ «ጽንፈኛ» ይላል። ከሁለተኛው፣ «እንደ ላይኛው»። ሦስተኛው ክንዱ ነው፤ «እንደ ላይኛው»።

«ልጄ፣ ክንዱ ምን አደረገ?»

«ተጽፏል እኮ አያ! ጽንፈኛ ነው።»

«እሱማ ያወጣችሁለት ስም ነው። ሥራውን ነው የጠየቅሁሽ።»

«የሚጭናቸውን ሰዎች አያውቁም?»

«ባለፈው ሳምንት እኔን ጭኖ ሐኪም ቤት አድርሶኛል። እኔስ ምን ልባል?»

«ይጠንቀቁ!» አለች ሳቅ ብላ። «ወረቀቱ ገና ቦታ አለው።»

እምቢ ብለው ቢወጡ ሌላ ሽማግሌ ይጠራል። የባንቺአየሁን ፊት ላለማየት ጠረጴዛው ላይ አቀረቀሩ።

«እዚህ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ በሁለት ጭረት ሰው አስበልቻለሁ። የዚችን አባት። ምን እንዳደረገ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አሁን ክንዱ ያደረገውን ጻፊና እፈርማለሁ።»

ሸዋረጋ እስክሪብቶዋን አነሣች። ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ቆየች፤ የምትጽፈው አልመጣላትም። በመጨረሻ የክንዱን መስመር ሰረዘችና፣ በብጣሽ ወረቀት ላይ «ማስረጃ አልቀረበበትም፤ ይለቀቅ» ብላ ማኅተም መታችበት።

«በይ ሩጪ፣ መኪናው ሳይነሣ» ብላ ለእናቲቱ ዘረጋችላት።

ባንቺአየሁ ብጣሹን ተቀበለች። አያ አምሳል ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ።

«ባንቹ... ልጄ...»

ደኅና ዋሉ ሳትላቸው በአጠገባቸው አልፋ ወጣች።