«አራት ልጆች አሉኝ» ትል ነበር

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ አስተማሪ ሆኜ ስሠራ ነው። አብዮቱ አሥር ዓመት ገደማ ሆኖት ይሆናል። አሁን የምኖረው ሰመራ፣ ልጄ ዘንድ ነው። ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ አውቶቡሱ አዋሽ ላይ ለምሳ ይቆማል። ሰው ሁሉ ወርዶ ሲበላ እኔ ከመቀመጫዬ አልነሣም። ልጄ ለምን እንደማልወርድ ደጋግማ ጠይቃኛለች። ለእሷ መናገር ስላቃተኝ ነው ለማታውቁኝ ለእናንተ የምጽፈው።

እናቴ ከቡልጋ ወደ እኔ የመጣችው አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። የአዋሽን ሙቀት አልቻለችውም። ነጠላዋን ውኃ ውስጥ እየነከረች ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከቤቱ ጥላ ጋር እየዞረች ትውል ነበር። ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘይነባ ጋር ግን ወዲያው ተግባቡ። እትዬ ዘይነባ የወሎ ሰው ናቸው፤ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሻይ ቤት ነበራቸው።

እኔ ከመወለዴ በፊት እናቴ ሦስት ወንዶች ልጆች ወልዳ፣ ሦስቱም በአንድ ክረምት በኩፍኝ ሞተውባታል። ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት ግን «አራት ልጆች አሉኝ» ነበር መልሷ። «ሦስቱ ቀድመውኛል፣ አንዱ እዚህ አለ።» ቀበሌ ለስኳር ካርድ ሲመዘግበን ጸሐፊው አራት ብሎ ጽፎ፣ ያሰረዝኩት እኔ ነኝ።

ስለ እነሱ የምታወራው ሩቅ አገር ለሥራ እንደ ሄዱ ልጆች ነው። በትንሣኤ ሙታን እንደምታገኛቸው አንድም ቀን ተጠራጥራ አታውቅም። የሚያስጨንቃት ሌላ ነገር ነበር። የመጨረሻው ሲሞት ገና ጥርስ አላበቀለም፤ «እሱን በምን አውቀው ይሆን?» ትላለች። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ «እሱ ያውቅሻል» እላት ነበር። ደስ ይላታል።

በዚያን ጊዜ የፓርቲ እጩ አባል ነበርኩ። አምኜበት አይደለም። ምክትል ርዕሰ መምህር መሆን ፈልጌ ነው። አንድ ቅዳሜ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ታደለ በስቴንስል የተባዛ ጽሑፍ ሰጠኝ። ሃይማኖትና ሳይንስ የሚል ነው። በማግስቱ እሑድ ጠዋት፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን በሚሄድበት ሰዓት፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ እንዳነብበው ታዘዝኩ።

የተሰጠኝን ብቻ አንብቤ ብወርድ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱ አናት ይበሳል። ሰው ማንጎላጀት ጀመረ። ጓድ ታደለም ሰዓቱን ሲያይ አየሁት። ያን ጊዜ ወረቀቱን አስቀመጥኩና ከራሴ ጨመርኩ።

«የእኔ እናት ሦስት ልጆች ቀብራለች» አልኩ። «ይህን ሁሉ ዓመት ይነሣሉ ብላ ትጠብቃቸዋለች። አንዳቸውም አልመጡም። አይመጡምም።»

አዳራሹ ነቃ። ጓድ ታደለ ቀድሞ አጨበጨበ፤ ሌላው ተከተለው። ቀና ብዬ ስመለከት እናቴን ከኋላ፣ ከሴቶች ማኅበር አባላት መሐል አየኋት። ሴቶች በሙሉ እንዲመጡ ቤት ለቤት ተነግሮ ኖሯል፤ እኔ አላወቅኩም። ግራና ቀኟ ያሉት ስላጨበጨቡ፣ እሷም እያጨበጨበች ነበር።

ቤት ስገባ ምሳ አቀረበችልኝ። በልቼ ስጨርስ እጄን አስታጥባኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ቅድም ያልከው እውነት ነው?»

ለእንጀራዬ ስል ነው እማዬ፣ አትስሚኝ ልላት እችል ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መስኮቱ ክፍት ነው፣ ሰው ይሰማኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም የጭብጨባው ኩራት ገና አልበረደልኝም።

«እውነት ነው» አልኳት። «ሳይንስ ያረጋገጠው ነው።»

«ልጆቼ የትም የሉም?»

«የትም የሉም፣ እማዬ።»

እሺ አለች። ሳህኑን አነሣችና ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ በኋላ ስለ ልጆቿ ስታወራ አልሰማሁም። ቤተ ክርስቲያን መሄዷም እየቀረ መጣ፤ ስጠይቃት ሙቀቱን ታመካኛለች። አንድ ቀን የወባ መድኃኒት የሚረጩ ሰዎች ቤታችን መጡ። ከመርጨታቸው በፊት አንዷ የቤተሰቡን ሁኔታ እየጠየቀች ትመዘግብ ነበር። እናቴን ስንት ልጅ እንዳላት ጠየቀቻት። እኔ ውስጥ ሆኜ የተማሪ ደብተር አርማለሁ።

«አንድ» አለች እናቴ።

እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ። ተነሥቼ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም።

ሦስት ወር ሳይሞላ ወባ ጣላት። ስድስት ቀን ተኝታ በሰባተኛው ንጋት ላይ ዐረፈች። ዓይኗን የከደኑልኝ እትዬ ዘይነባ ናቸው። እንባቸውን ጠርገው ቄስ ላስጠራ ወይ አሉኝ። ትንሽ ይቆዩኝ ብዬ ወደ ጓድ ታደለ ሄድኩ።

ጓድ ታደለ ከለከለኝ ብል ውሸት ነው። አጽናናኝ፣ ለቀብሩ የቀበሌውን መኪና እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። ስለ ቄሱ ስጠይቀው ግን ፈገግ አለ። «ክልከላ የለም» አለ። «ነገር ግን እጩ አባል ነህ። ያን ንግግር ያደረግህ ሰው በቄስ ሲቀብር ሕዝቡ ምን ይላል? አንተው ታውቃለህ።»

እኔው አወቅኩ። በአዋሽ ሙቀት አስከሬን አይቆይም፤ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም እያልኩ ራሴን ብዙ ዓመት አታልያለሁ። አስቤ የወሰንኩት ግን ከቀበሌ እስከ ቤቴ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ አሥር ደቂቃም አይፈጅም። ቄስ አይጠራም ብዬ ለእትዬ ዘይነባ ነገርኳቸው።

«መምህር፣ ሰው እኮ ያለ ዱዓ አይቀበርም» አሉኝ።

ቀብሩን ላሰናዳ ወጣሁ። እሳቸውም አልደገሙም። ቀብሩን ቆመው አስቀበሩ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሻይ ቤታቸው ስገባ የሚያስተናግዱኝ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ሆነ።

በአሥር ሰዓት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው መቃብር ቀበርናት። ጓድ ታደለ ስለ ጭቁን እናቶች ንግግር አደረገ። ፍትሐት የለ፣ መስቀል የለ። ነፍስ ይማር የሚል ድምፅ እንኳ አልሰማሁም፤ ሰው ያጉረመርምና ዓይኑን ወደ ጓድ ታደለ ይመልሳል። አፈሩ ሲመለስ የአካፋው ድምፅ ብቻ ነበር።

በወሩ ምክትል ርዕሰ መምህር ሆንኩ።

አርባዋ ሲደርስ ግን አላስችል አለኝ። የነፍስ አባቷ ወደ ነበሩት ወደ መምሬ ኃይሌ ቤት ሄድኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ወንበር ሰጡኝ። ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሁሉንም ያውቁት ነበር። ከመሞቷ በፊት ስለ ነገሩ ያለችው ነገር እንዳለ ጠየቅኋቸው።

«ኑዛዜዋን አልነግርህም» አሉ። «ይህን ግን ስትወጣ በር ላይ ቆማ ያለችኝ ነው። ‹ልጄ የተማረ ነው። ያወቀው ነገር ባይኖር በሕዝብ ፊት አይናገርም። እንግዲህ ልጆቼ የሉም ይሆናል› አለች። ከመጽሐፍ እየጠቀስኩ ብዙ ነገርኳት። ሰማችኝ። ያመነችው ግን አንተን ይመስለኛል።»

እሳቸው ቀጠሉ። የሞተች እንደ ሆነ ወደ ቀብሯ እንዳይመጡ ለምናቸው ነበር፤ የልጄን እንጀራ ያሳጡብኛል ብላ።

«እንዳለችኝ ቀረሁ» አሉ መምሬ ኃይሌ። «ነገር ግን እናንተ እሷን ይዛችሁ ስትወጡ፣ እኔ ከዲያቆኑ ጋር ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ፍትሐቷን አድርሻለሁ። የሦስቱንም ልጆቿን ስም ጠርቻለሁ። እሷ ብትጠራጠር እኔ አልተጠራጠርኩላትም።»

ስወጣ መስቀላቸውን አሳለሙኝ። አላለቀስኩም። እስከ ዛሬም ደኅና አድርጌ አልቅሼላት አላውቅም።

ደርግ ከወደቀ ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ የንግሥ በዓል ላይ ጓድ ታደለን አገኘሁት። ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ደረቱ ላይ የሰበካ ጉባኤ ምልክት አድርጎ ሰው ያስተናግዳል። ወዲያው አወቀኝ፤ አቅፎ ሳመኝ። ስለ አዋሽ አወራን። ስንለያይ እጄን እንደያዘ «እናትህስ ደኅና ናቸው?» አለኝ። መቃብሯ ላይ ቆሞ መናገሩን ረስቶታል። ደኅና ናት ብዬው ሄድኩ። ልጣላው ዳድቶኝ ነበር፤ ግን በምን አፌ? እሱ ቢያንስ የገዛ እናቱን አልካደም።

ዛሬ ጡረተኛ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ፣ እጾማለሁ። በፋሲካ ሌሊት «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባል ከሰው ጋር አብሬ እቀበላለሁ፤ ከልቤም ነው። ሙታን እንደሚነሡ አምናለሁ። እናቴም ልጆቿን እንደምታገኝ አምናለሁ። ሰዎች ይህ ያጽናናሃል ይሉኛል። እኔ ግን የማስበው እነዚያን ስድስት ቀኖች ነው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የተኛችባቸውን። የሚጠብቃት ሰው እንዳለ ማወቅ የሚያስፈልጋት ያን ጊዜ ነበር። ልጇ ደግሞ ማንም የለም ብሏታል።