ሙሽራ ትቀመጣለች

አሜሪካ፣ ፎረስት ፓርክ ትኖር የነበረችውን አክስቴን የቀበርናት ባለፈው ወር ነው። ለሕንድ ሙሽሮች ሳሪ የሚባለውን፣ ሰውነት ላይ የሚጠመጠም የሐር ልብስ ትነድፍ ነበር። ሕንድን አይታ አታውቅም፤ ሳሪው ላይ የምትስላቸውን ቅስቶችና ዓምዶች የምትወስደው ከጥንታዊ የሕንድ ቤተ መንግሥቶች ፎቶ ነበር። ንድፉን ስትጨርስ ወረቀቱን ወገቤ ላይ ጠምጥማ "ተቀመጥ" ትለኝ ነበር።

"አክስቴ፣ ሙሽራዋ እኔ ነኝ እንዴ?"

"አንተማ ብታገባልኝ እልል ባልኩ! ሕንፃ አይታጠፍም፤ ሙሽራ ግን ትቀመጣለች።"

የተሳለው ቅስት ጉልበቴ ላይ ታጥፎ የተሰበረ ከመሰለ እንደገና ትነድፍ ነበር። ካልተሰበረ ፈገግ ብላ "በል ተነስ" ትለኝ ነበር።

የመጨረሻው ንድፏ ለሕንዳዊው ጎረቤታችን ሴት ልጅ ነበር። ሳሪው ሕንድ አገር ተሸምኖ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። ልጅቷ ሠርጓ ሲቃረብ ለብሳው ልታሳየን መጣች፤ አክስቴ ወረቀቱን እሷም ላይ እየጠመጠመች እንዳስለመደቻት ማንም ሳይነግራት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቀዩ ሐር ታጠፈ፤ የወርቁ ቅስት ግን ጉልበቷ ላይ ሙሉውን ታየ። አክስቴ ይህን ሳታይ መሄዷ ይቆጨኛል።

ልጅቷ ቶሎ አልተነሳችም። እኛም "በይ ተነሺ" ማለት የማናችን ድርሻ እንደሆነ አላወቅንም።