የአባቴ ግራ መንጋጋ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈሩ ግን የሚያውቀው «ባለ እስፒሉ» ብሎ ነው። ቅጽል ስሙ እንዲያው አልወጣለትም። ደንበኛ ሲለካ፣ ጨርቅ ሲቆርጥ፣ እጅጌ ሲያጥፍ ስድስት ሰባት እስፒል በቀኝ የከንፈሩ ጥግ ነክሶ ይይዛል፤ እንደነከሰም ያወራል። አንዲት እስፒል እንኳ ሳትወድቅ ደንበኛ ይቆጣል፣ ቀጠሮ ያራዝማል፣ ሲያሻው ደግሞ ያሾፋል። ሙያውን አደንቅለታለሁ። ግትርነቱን ግን ይቅር ለማለት እስካሁን አልሆነልኝም።

ጣጣው የመጣው ከአንዲት የተቦረቦረች ጥርስ ነው። እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ በቀኝ በኩል ታመመችበት። እናቴ ሐኪም ዘንድ ሂድ ብላ ወተወተችው፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ቀኑን ሙሉ መርፌ ይዞ የሚውል ሰው፣ የሐኪም መርፌ ሲነሳበት ላብ ያጠምቀዋል። ዛሬ ነገ እያለ ምግቡን ወደ ግራ ያዞር ጀመር። ቆይቶ ጥርሷ ተሰባብራ ሕመሙ ተወው፤ ልማዱ ግን አልተወውም። ዳቦውንም፣ ሥጋውንም፣ ለውዙንም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በግራ ብቻ አኘከ። የግራ ጉንጩ ሲሞላ የቀኙ ሟሸሸ። ፎቶ አንሺው «አንገትህን አቅና» ሲለው እስቃለሁ፤ አንገቱስ ቀጥ ብሎ ነበር።

እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ እናቴ በከባድ ትኩሳት ታማ መስማት አቆመች። ፊደል ስላልቆጠረች በጽሑፍ ማናገር የማይታሰብ ነው። የቀራት የአባቴ አፍ ነበር። እኔ አንድ ነገር ስነግራት ከንፈሬን እያየች ሦስት ጊዜ ታስደግመኛለች፤ የሱን ግን እስፒል ነክሶ እንኳ አንዲት ቃል አታመልጣትም። ሱቁ ውስጥ አጠገቡ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። አንድ ደንበኛ በወጣ ቁጥር አባቴ ፊቱን ያዞርላትና ወሬውን ያቀብላታል፤ ማን እንደወፈረ፣ ማን እንደተጣላ፣ ማን ውሸቱን እንደዋሸ። ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ትስቅ ነበር። ከሱቁ ውጪ ስትስቅ ያየኋት ጥቂት ጊዜ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት አባቴ ሲያዛጋ ጆሮው ሥር ቀጭ ማለት ጀመረ። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ቀስ እያለ ራሱን ያመው፣ ጆሮውን ይወጋው ጀመር፤ እሱም የራሱ ሐኪም ሆኖ የጆሮ ጠብታ ገዝቶ ያንጠባጥብ ያዘ። አንድ ቀን ጠዋት ሲነሳ አፉ ከአንድ ጣት በላይ አልከፈት አለው። ያኔ እየጎተትኩ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት።

ሐኪሟ ጣቶቿን ከሁለቱ ጆሮዎቹ ፊት አሳርፋ ክፈት፣ ግጠም እያለች መረመረችው። በመንጋጋው መገጣጠሚያ ውስጥ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የምትከላከል ስስ ነገር በግራ በኩል ከቦታዋ ተንሸራታለች፣ አጥንቱም ተፍቋል አለችን። መንስኤው ብዙ ሊሆን እንደሚችል፣ የአንድ ወገን ማኘኩም የእስፒል መንከሱም ግን እንዳባባሱት ነገረችን። ለስላሳ ምግብ ብቻ ብላ፣ መንጋጋህን በሞቀ ጨርቅ ተኩስ፣ እስፒል እርም በል፣ ለጊዜው ወሬም ቀንስ አለችው። አፉ እንደ ድሮው ይከፈት እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ሕመሙ ይቀንስለታል። እንደ ድሮው ይከፈታል ብዬ ግን ልዋሻችሁ አልችልም። ዘግይታችኋል።»

እኔን ያስጨነቀኝ ምግቡ አልነበረም፤ ሾርባ ማንን ገደለ። እናቴ ከዓለም ጋር የምትገናኘው በዚያ አፍ ነበር። አባቴ ደግሞ ደጁን ገና ሳንወጣ ክንዴን ያዝ አደረገና፣ «ልጄ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ስንት ጊዜ ነግራኝ ነበር» አለኝ። በምን ፊቴ አያታለሁ ማለቱ ነው። እኔም ሞኝ ሆኜ እሺ አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ሲናገር ከንፈሩ እምብዛም አይላቀቅም፣ አገጩም ወደ ግራ ይሸሻል። እናቴ ፊቱ ላይ አፍጥጣ ትቆይና ምንም ሳታገኝ ትመለሳለች። ድገምልኝ ስትለው ራሱን ይነቀንቃል። ያኮረፋት መሰላት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሸሚዙን ሁለት ሁለቴ እየተኮሰች፣ ደጋግማ ዓይን ዓይኑን እያየች ልታባብለው ስትሞክር እኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ።

አንድ እሁድ ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማው ጮክ ብላ፣ «ምን በደልኩህ?» አለችው።

አባቴ ሊመልስላት አፉን በግድ በረገደው። ቀጭ ሲል ከጠረጴዛው ማዶ ሰማሁት። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ጉንጩን ይዞ አጎነበሰ። እናቴ ተነስታ መዳፏን መንጋጋው ላይ አሳረፈች። ጆሮዋ የነፈጋትን እጇ ነገራት መሰለኝ፣ ፊቷ ወዲያው አመድ ሆነ። እንደገና ሊናገር ሲል አፉን በእጇ ከደነችው።

«ተው። ይበቃል፣ አትናገር።»

ከዚያ እሁድ ወዲህ ይኸው አራት ወር ሆነ። ሐኪሟ እንዳለችው ሕመሙ ቀንሶለታል፣ ሩዝም ይበላል፤ አፉ ግን ሁለት ጣት ቢያስገባ ነው። ቀስ ብሎ ሲናገር ትኩር ብሎ ላየው ሰው ግማሹ ይያዛል። እናቴ ግን አታየውም። ትናንት ሱቅ ሄጄ፣ ተሽሎታል፣ እባክሽ እማዬ እይው ብዬ ሦስቴ ደጋገምኩላት።

«ካየሁት ያወራልኛል» አለችኝ። «ካወራ ያመዋል።»

ሲለካ የነበረው ደንበኛ ወጣ። አባቴ ፊቱን ወደሷ አዙሮ ጠበቀ። እሷ አንገቷን ደፍታ ቁልፏን ስትተክል ቆየችበት፤ መጠበቁ ሲደክመው ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ።