ለቴክኖሎጂው ብቻ የተሰጠ ምርቃት

የኮሌጁ ቅጽ ላይ ለትምህርት መስክ የተተወው ቦታ ጠባብ ነበር። «የሙዚቃ ቴክኖሎጂና ፕሮዳክሽን» ብዬ ስጽፍ የመጨረሻው ቃል ከመስመሩ ወጥቶ ጠርዙ ላይ ተጨናነቀ። ቅጹን የሞላሁት መሐል ሜዳ ከተማ፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ በኋላ ሁለት ዓመት በሠራሁበት ዘፈን መጫኛ ሱቅ ውስጥ ነው። ያማከርኩት ሰው አልነበረም። የጠየቀኝ ሁሉ ነርሲንግ ወይም አካውንቲንግ ይለኝ ነበር፤ እኔም ለሁሉም «እስቲ» እያልኩ አልፍ ነበር።

ገበያ ቀን ገበሬዎቹ የስልክ ሚሞሪያቸውን ከመሐረብ ቋጠሮ ፈትተው ይሰጡኝና «ሙዪው» ይሉኛል፤ ልክ እንደ ላምባ። ምን ዘፈን እንደምሞላ የሚነግረኝ ጥቂቱ ነው። ብዙዎቹ ዘፈኖች በየመንደሩ በችኮላ የተቀዱ ነበሩ፤ ከበሮው ድምፃዊውን ይውጠዋል፣ መሰንቆው የቆርቆሮ ድምፅ ይሰጣል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ኮምፒውተሩ ላይ ከበሮውን ዝቅ፣ ድምፁን ከፍ እያደረግሁ መነካካት ጀመርኩ። ያስተካከልኩትን ዘፈን የወሰዱ አንድ ሽማግሌ በሳምንቱ ተመልሰው መጡና «ያ የሞላሽልኝ ዘፋኝ አጠገቤ ተቀምጦ ነው የሚዘፍንልኝ» አሉኝ። መስኩን የመረጥኩት ያን ቀን ነው። ለማን ብዬ ልንገረው?

አባቴ ከበግ ጠጉር በርኖስ የሚሠሩ ሸማኔ ናቸው። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነን፤ ሁለታችንም ቁጥብ ነን። ዘፈን ሲጠሉ አይቼ አላውቅም። ነገር ግን በእኛ አገር «አዝማሪ» የሚል ቃል አለ፤ የሚባልበትንም ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አባቴ እንዲህ ብለው ሰድበውኝ አያውቁም። ሳይሰድቡኝ በፊት ፈራኋቸው።

«ምን ልትማሪ ነው?» አሉኝ፣ መወርወሪያውን እንደያዙ።

«ቴክኖሎጂ» አልኩ።

«ጥሩ ነው። ዘመኑ የእሱ ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የዋጥኩት «ሙዚቃ» የሚለውን ቃል ነው፤ የቀረው ውሸት የለበትም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ልሄድ ስል ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ሞላ። ዳቦው ተቆረሰ፣ እኔም የአባቴን ጉልበት ስሜ ቆምኩ። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እኔ ሰምቼው በማላውቅ ከፍ ያለ ድምፅ መረቁኝ። «የያዝሽው ብረት ይታዘዝሽ!» ቤቱ ሙሉ አሜን አለ። «የነካሽው ሞተር ይነሳ!» አሜን። «የተሰበረው በእጅሽ ይዳን!» አሜን። እኔም እጄን ዘርግቼ አሜን አልኩ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ ቀደመው። ሴቶቹ የመለየት እንባ መስሏቸው አባበሉኝ።

አዲስ አበባ ብዙ ሰው አለ፤ እኔ ግን ማንም አልነበረኝም። አብረውኝ የሚማሩት ኪቦርድ ያለበት ቤት ያደጉ፣ የስቱዲዮ ሰው የሚያውቁ ናቸው። እኔ የማውቀው ሚሞሪ መሙላት ነው። ሳወራ ስለሚስቁብኝ ማውራት ተውኩ፤ የጆሮ ማዳመጫዬን አድርጌ መዋል ለመድኩ። የሰው ድምፅ ቀኑን ሙሉ ሳጠራ፣ ሳለሰልስ፣ ሳስተካክል እውልና ወደ ተከራየሁት ክፍል ስመለስ እኔን «እንዴት ዋልሽ?» የሚለኝ ድምፅ የለም። አባቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይደውላሉ።

«ማሽኑ እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው።

«ደህና ነው አባባ።»

«እየታዘዘሽ ነው?»

«አዎ።»

ሌላ የምንነጋገረው አልነበረንም። ስለ ማሽን ስንጠያየቅ ሦስት ዓመት አለፈ። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ስንቅ አለቀ፤ ሐሰቱ ግን እያደር ከበደኝ።

ለፋሲካ ስመጣ ጎረቤቱ የተበላሸውን ሁሉ ተሸክሞ ይጠብቀኛል። ሬዲዮ፣ የእጅ ባትሪ፣ የማይሞላ ስልክ፤ አንድ ጊዜም የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሞተራቸውን እንድመለከትላቸው ለመኑኝ። «ዕቃዬን አዲስ አበባ ትቼዋለሁ» ብዬ አመለጥኩ። አንዱን ሬዲዮ ከፍቼ ባየው ባትሪው የሚነካበት ሽቦ ዝጎ ኖሯል፤ በቢላ ፍቄ መለስኩት፣ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ዝናዬን የሚችለው ጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት ስመጣ አባቴ ግድግዳው ላይ በእጃቸው መደርደሪያ ሠርተው፣ ሰው ያመጣውን የተሰበረ ዕቃ በየተራው ደርድረው ጠበቁኝ። እያንዳንዱ ላይ የባለቤቱን ምልክት ክር አስረውበታል። ያን ክር ሳይ እንደ ሌባ አፈርኩ።

እኛ ምርቃት ስንል ሁለት ነገር ነው፤ የሽማግሌውም፣ የትምህርት ቤቱም። የትምህርት ቤቱ ሲደርስ አባቴ እመጣለሁ አሉ። የተመራቂው ስም ከነትምህርቱ በድምፅ ማጉያ እንደሚጠራ አውቃለሁ። ከማያውቁት ሰው አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ከሳምንት በፊት አገር ቤት ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ መንደሩ ለቅሶ ወጥቶ ጭር ብሏል፤ አባቴ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ የተማርኩት ሙዚቃ ነው።»

እጃቸው ቆመ። «ማሽኑስ?»

«ማሽንም አለው። የማሽኑ ሥራ ግን ዘፈን ነው። ሰው ሲዘፍን እቀዳለሁ፣ አስተካክላለሁ። ያን ቀን ፈርቼ ነው ያልነገርኩዎት።»

የምፈራውን ቃል ጠበቅሁ። መልሱን በአውቶቡስ ስመጣ ስሸመድድ ነበር፤ አዝማሪም ሰው ነው፣ የእጁን ነው የሚበላው፣ ሌላም ሌላም። አባቴ ግን ያን ቃል አላሉትም። የበጉን ጠጉር በጣታቸው ያሹ ጀመር።

«ታዲያ እኔ የመረቅሁት ምኑን ነው?» አሉ።

ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጠዋት ጠዋት ስለ ማሽን ነበር የምጸልየው» አሉ። «ለካ አንቺ እዚያ አልነበርሽም። ሦስት ዓመት ያለ ምርቃት፣ ብቻሽን ነው የሰደድኩሽ።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«አንቺ ነሽ» አሉ፤ ሊያስተባብሉልኝ አልሞከሩም። ከዚያ በክንዳቸው ተደግፈው ከጉድጓዱ ወጡ፣ ልብሳቸውን አራገፉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጎረቤት እንዲጠሩ ጠብቄ በሩን አየሁ። እሳቸውም አዩት። ሁሉም ለቅሶ ቤት ነው።

«የዘፋኙን ልሳን ያቅናልሽ፤ ጆሮሽን ይክፈትልሽ፤ የቀዳሽው አይጥፋ» አሉና ጠበቁ። የሚጠብቁት ምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

«አሜን» አልኩ በሹክሹክታ።

«ብቻሽን ነሽ» አሉኝ። «ጠንከር አድርገሽ በዪው።»